የዕድገት አነቃቂ ንጥረ ነገሮችና ደም ያጠረው አንጎል፤ የአንድ ተስፋ ታሪክ

ስለ አንጎልና ስለ ደም ዝውውር በሕክምና ትምህርት ቤት ከተማርነው ሁሉ ሳይረሳ ከብዙዎቻችን ጋር የኖረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይኸውም ደም የተቋረጠበት አንጎል ከአራት ወይም ከአምስት ደቂቃ በላይ አይቆይም የሚለው ነው። አባባሉ ሐሰት አይደለም። አንጎል ከሰውነት ክብደት ከመቶ ሁለት ያህሉን ብቻ ይዞ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክሲጅን አንድ አምስተኛውን የሚወስድ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅ ግን በጎተራው የማያስቀምጥ አካል በመሆኑ፣ ልብ ቀጥ ባለ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ይህ አባባል ለረዥም ዘመን ሐኪሙ በስትሮክ ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ እጁን አጣጥፎ እንዲቆም አድርጎታል። የሞተው ሞቷል፤ ከእንግዲህ የቀረውን መንከባከብ ነው ይባል ነበር።

ይህን እምነት ካናወጡት ዕውቀቶች አንዱ የተገኘው ከስትሮክ ሐኪሞች ዘንድ አልነበረም። የመጣው በዶሮ እንቁላል ውስጥ የሚያድገውን ፅንስ በአጉሊ መነጽር ይመረምሩ ከነበሩ ሊቃውንት ነው። እነርሱን ያስጨነቃቸው ጥያቄ የነርቭን ሕዋስ በሕይወት የሚያኖረው ምንድን ነው የሚል ሲሆን፣ መልሱ ወደ ሆስፒታል ደጃፍ እስኪደርስ ከአርባ ዓመታት በላይ ፈጅቷል። ይህ ጽሑፍ ያን ታሪክ ከመነሻው ተከትሎ፣ ተስፋው ከምን እንደ ተወለደና በሕሙማን ላይ ሲፈተን ለምን እንደ ተሰበረ ለማሳየት ይሞክራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል አስቀድመን እናሳስባለን።

ታሪኩ የሚጀምረው በጀርመን አገር ነው። ቪክቶር ሐምቡርገር በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ የታዋቂው የፅንስ ሊቅ የሐንስ ሽፔማን ደቀ መዝሙር ነበሩ። በ1932 ለአጭር ጊዜ ጥናት ወደ ቺካጎ ተሻግረው ሳሉ፣ በተከታዩ ዓመት ሥልጣን የያዘው የናዚ መንግሥት አይሁድን ከመንግሥት ሥራ ሲያስወግድ የርሳቸውም ቦታ ስለ ተሰረዘ በዚያው በአሜሪካ ቀሩ። በ1934 ባሳተሙት ጥናት፣ በጫጩት ፅንስ ላይ ገና ክንፍ የሚሆነውን እምቡጥ ቆርጠው ሲያስወግዱ ወደዚያ ክንፍ ይሄዱ የነበሩት የነርቭ ሕዋሳት ቁጥር በእጅጉ እንደሚያንስ አሳዩ። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፣ ክንፉ ለነርቮቹ ነርቭ ሁኑ የሚል ትእዛዝ ይልካል፤ ክንፉ ከሌለ ትእዛዙም ስለማይኖር ሕዋሳቱ ቀድሞውንም አይፈጠሩም አሉ።

ይህን ጽሑፍ በጣሊያን አገር ያነበቡ አንዲት ወጣት ሐኪም ነበሩ። ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ በ1909 በቶሪኖ ከተማ ተወልደው በ1936 ከዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ያ ዓመት የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት መሆኑን ማስታወስ አያስፈልግም። ያው መንግሥት በ1937 በምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ጣሊያናዊና አገሬው እንደ ባልና ሚስት አብረው እንዳይኖሩ የሚከለክል ደንብ ካወጣ በኋላ፣ በ1938 ደግሞ ፊቱን ወደ ገዛ ዜጎቹ መልሶ አይሁድን ከዩኒቨርሲቲና ከመንግሥት ሥራ አባረረ። ከተባረሩትም መካከል ሌቪ ሞንታልቺኒና መምህራቸው ፕሮፌሰር ጁሴፔ ሌቪ ይገኙ ነበር።

ወጣቷ ሐኪም ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። በወላጆቻቸው ቤት መኝታ ክፍላቸውን ቤተ ሙከራ አድርገው፣ የልብስ መስፊያ መርፌ እየሳሉ ለቀዶ ጥገና መሣሪያነት በማዋል በጫጩት ፅንሶች ላይ መመራመር ጀመሩ። መምህራቸውም የቀድሞ ተማሪያቸው ረዳት ሆነው በዚያች ክፍል ተቀመጡ። ቶሪኖ በአውሮፕላን መደብደብ ስትጀምር ቤተሰቡ ወደ ገጠር ሸሸ፤ ቤተ ሙከራውም አብሮ ሸሸ። ፅንሱ ከተወሰደ በኋላ የሚቀረው እንቁላል በጦርነቱ ዘመን ለቤተሰቡ ምግብ ይውል እንደ ነበር ራሳቸው ኋላ ተርከውታል።

በዚያች መኝታ ክፍል የተገኘው ነገር የሐምቡርገርን ትርጓሜ የሚገለብጥ ነበር። ሌቪ ሞንታልቺኒ ፅንሱን በመጨረሻው ቀን ብቻ ከማየት ይልቅ በየዕለቱ እየከፈቱ ሲቈጥሩ፣ ክንፉ ከተቆረጠ በኋላም ሕዋሳቱ በደንቡ እንደሚፈጠሩ፣ ነርቭ እንደሚሆኑ፣ ጭራቸውንም ወደ ጎደለው ክንፍ እንደሚዘረጉ አዩ። የሚሞቱት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህም ክንፉ ይሰጥ የነበረው የመፈጠርን ትእዛዝ ሳይሆን የመኖርን ስንቅ ነበር። በጣሊያን አገር አይሁድ ጽሑፍ ማሳተም ስለ ተከለከሉ፣ ጥናቱ በ1942ና በ1943 በቤልጂግ መጽሔት ታተመ።

ይህ ልዩነት ለፅንስ ሊቃውንት ብቻ የሚጠቅም ጥቃቅን ክርክር ሊመስል ይችላል፤ በኛ አስተያየት ግን የቀረው ታሪክ ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ሕዋስ በሕይወት ለመቆየት ከሌላ ሕዋስ ዘወትር አንዳች ነገር መቀበል አለበት ከተባለ፣ ሞቱ ሁልጊዜ ከውጭ የሚመጣ ግድያ አይሆንም ማለት ነው። ስንቁ ሲቀርበት ራሱ በሥርዓት ይሞታል። ስንቁን ያቀረበለት ደግሞ ሊያድነው ይችላል።

ሐምቡርገር ይህን ጽሑፍ ከጦርነቱ በኋላ አንብበው አልተቆጡም። በዚያን ጊዜ በሴንት ሉዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የክፍል ኃላፊ ስለ ነበሩ፣ ሌቪ ሞንታልቺኒን ለጥቂት ወራት እንዲመጡ ጋበዙ፤ እርሳቸውም በ1947 ሄደው ሦስት ዐሥርተ ዓመታት ያህል በዚያው ሠሩ። ሁለቱ በ1949 በጋራ ባሳተሙት ጥናት፣ ክንፍ ባልተቆረጠበት ጤናማ ፅንስ ውስጥ ጭምር ብዙ የነርቭ ሕዋሳት በተወሰነ ጊዜ እንደሚሞቱ አረጋገጡ። ተፈጥሮ ለማዕዱ ከሚበቃው በላይ እንግዳ ትጠራለች፤ ቦታ ያላገኘው ይወድቃል።

ማዕዱ ላይ የቀረበው ምግብ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ መንገድ አስፈለገ። ኤልመር ብዩከር የተባሉት የሐምቡርገር ቀድሞ ተማሪ በ1948 የአይጥ ዕባጭ በጫጩት ፅንስ ላይ ሲተክሉ፣ የፅንሱ ነርቮች ወደ ዕባጩ እየጎረፉ እንደሚገቡ አስተውለው ነበር። ሌቪ ሞንታልቺኒ ይህን ሙከራ ደግመው፣ ነርቮቹ ዕባጩን ሳይነኩ በሩቁም ጭምር ያለ ልክ እንደሚያድጉ አዩ። እንግዲህ ዕባጩ የሚያመነጨው፣ በፈሳሽ የሚሟሟ ነገር መኖር አለበት። በ1952 ዕባጭ የተሸከሙ አይጦችን ይዘው በአውሮፕላን ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ተጓዙ፤ በዚያም በሄርታ ማየር ቤተ ሙከራ የነርቭ ቁራጭን በመስተዋት ዕቃ ከዕባጩ አጠገብ ሲያስቀምጡ፣ በአንድ ቀን ውስጥ የነርቭ ጭራዎች እንደ ፀሐይ ጨረር በዙሪያው ወጡ። ከዚያ በፊት በፅንስ ላይ ሳምንታት ይወስድ የነበረው ፍተሻ በሰዓታት የሚለካ ሆነ።

በ1953 ስታንሊ ኮኸን የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ ከሴንት ሉዊስ ቡድን ጋር ተቀላቀሉ። ቀጥሎ የሆነው ዕድል ለተዘጋጀ ሰው እንዴት እንደምትመጣ ከሚያሳዩ ምሳሌዎች አንዱ ነው። ኮኸን ያጣሩት ንጥረ ነገር ፕሮቲን ይሁን ኑክሌይክ አሲድ ለመለየት፣ በአርተር ኮርንበርግ ምክር የእባብ መርዝ ጨመሩበት፤ መርዙ ኑክሌይክ አሲድን የሚሰባብር ኢንዛይም አለውና። ነገር ግን የነርቮቹ ዕድገት በመቆም ፈንታ እጅግ ባሰ። መርዙ ራሱ ከዕባጩ በብዙ ዕጥፍ የበለጠ የዚያኑ ንጥረ ነገር ይዞ ተገኘ። የእባብ መርዝ የሚመነጨው ከምራቅ ዕጢ ጋር ከሚመሳሰል ዕጢ መሆኑን ኮኸን አስታውሰው የወንድ አይጥ የምራቅ ዕጢ ቢመረምሩ፣ ከሁሉ የበለፀገው ምንጭ እርሱ ሆነ። ንጥረ ነገሩም የነርቭ ዕድገት አነቃቂ ተባለ። ኋላም ይህን ፕሮቲን የሚያመክን ፀረ ሴረም አዘጋጅተው ለተወለዱ ግልገል አይጦች ሲሰጡ፣ የሲምፓቴቲክ ነርቮቻቸው ከሞላ ጎደል ጠፉ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር።

ሌቪ ሞንታልቺኒና ኮኸን በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሐምቡርገር አልተካተቱም፤ ይህም በሙያው ሰዎች መካከል ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል፤ ቅሬታው ተገቢ ነበር ከሚሉት ወገን ነን። ሐምቡርገር በ2001 በመቶ ዓመታቸው፣ ሌቪ ሞንታልቺኒ በ2012 በመቶ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

የነርቭ ዕድገት አነቃቂው ግን የሚመግበው ጥቂት ዓይነት ነርቮችን ብቻ ነው። አንጎል የራሱ መጋቢ ሊኖረው ይገባል ብለው የተነሡት በሙኒክ አጠገብ በማርቲንስሪድ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ሊቃውንት፣ ኢቭ አላን ባርድና ሐንስ ቶነን ነበሩ። በ1982 ከአንድ ተኩል ኪሎ ግራም የአሳማ አንጎል አንድ ሚሊዮንኛ ግራም ያህል ፕሮቲን አጥርተው አወጡ። የሥራውን አድካሚነት አንባቢ ከቁጥሩ ይገምት። ይህም ከአንጎል የተገኘ የነርቭ መጋቢ ተብሎ ተሰየመ፤ በምሁራን ዘንድ ቢ ዲ ኤን ኤፍ የሚባለው እርሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስለ ስትሮክ ያነሣነው ነገር የለም፤ በእርግጥም ሁለቱ መንገዶች እስከዚያ ዘመን አልተገናኙም ነበር። በስትሮክ በኩል የነበረው ዕውቀት የተለወጠው በሁለት ግኝቶች ነው። የመጀመሪያው በለንደን በዝንጀሮዎች ላይ ከተደረገ ጥናት የመነጨ ሲሆን፣ አስትሩፕ፣ ሲሾና ሳይመን በ1981 ባወጡት ጽሑፍ ጎልቶ ቀረበ። ጤናማ አንጎል በየደቂቃው ለመቶ ግራም ወደ 50 ሚሊ ሊትር ደም ያገኛል። ይህ ወደ 20 ሲወርድ ሕዋሱ የኤሌክትሪክ ሥራውን ያቆማል፤ ፈጽሞ የሚፈርሰው ግን ወደ 10 ገደማ ሲወርድ ነው። በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለው የአንጎል ክፍል ዝም ያለ፣ ነገር ግን ያልሞተ ነው። በሞተው እምብርት ዙሪያ የሚገኘውን ይህን ክልል ከግርዶሽ ትምህርት በተዋሱት ቃል ከፊል ጥላ አሉት።

ሁለተኛው ግኝት ጃፓናዊው ታካኪ ኪሪኖ በ1982 ያሳተሙት ነው። ጀርቢል የተባለው የበረሃ አይጥ አንጎል የደም ሥሮች አቀማመጥ ልዩ ስለሆነ፣ አንገቱ ላይ ያሉትን ሁለት የደም ቧንቧዎች በማሰር ብቻ የፊተኛውን አንጎል ደም ማቋረጥ ይቻላል። ኪሪኖ ለአምስት ደቂቃ አስረው ፈቱ። በመጀመሪያው ቀን የማስታወስ ችሎታ መቀመጫ የሆነው የሂፖካምፐስ ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ደኅና ይመስሉ ነበር። በአራተኛው ቀን ግን በአንደኛው ረድፍ ያሉት አብዛኞቹ ሞተው ተገኙ። ደሙ ከተመለሰ ቀናት አልፈዋል፤ ኦክሲጅንም ሆነ ስኳር አልጎደለም፤ ሕዋሱ ግን ሞተ።

አንባቢ እዚህ ላይ የቶሪኖዋን መኝታ ክፍል ቢያስታውስ አይፈረድበትም። በሁለቱም ቦታ የታየው ከጉዳቱ በኋላ ዘግይቶ፣ በራሱ ሥርዓት የሚመጣ ሞት ነው። እንግዲህ የፅንስን ነርቭ ከሞት የሚጠብቀው ንጥረ ነገር፣ ደም ያጠረውንስ የጎልማሳ አንጎል ሕዋስ አይጠብቀውም ወይ የሚለው ጥያቄ በ1980ዎቹ ማለቂያ በብዙ ቤተ ሙከራዎች በአንድ ጊዜ ተነሣ።

ጥበቃው እንዴት እንደሚሆን ዛሬ በደንብ እናውቃለን። ደም ሲያጥር ሕዋሱ ኃይል ያጣል፤ ጨውን የሚገፉት ፓምፖች ይቆማሉ፤ ግሉታሜት ከነርቭ ጫፎች ይፈስና ካልሲየም ያለ ልክ ወደ ውስጥ እንዲገባ በሩን ይከፍታል። ካልሲየሙ ሚቶኮንድሪያን ያውካል፤ የታወከው ሚቶኮንድሪያም ሳይቶክሮም ሲ የተባለውን ፕሮቲን ሲለቅ የሕዋሱ የሞት ሥርዓት ይጀመራል። የዕድገት አነቃቂው የሚገባው በዚህ በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። በሕዋሱ ገጽ ላይ ከተተከለው ተቀባይ ጋር ሲጣመር፣ በውስጥ በኩል አክት የተባለ ኢንዛይም ይነቃል። አክት ደግሞ፣ በ1997 እንደ ታወቀው፣ ባድ የተባለውን የሞት አፋጣኝ ፕሮቲን ፎስፌት እየለጠፈ ያስረዋል። ከዚህም በላይ ሕዋሱ መርዛማ ኦክሲጅንን የሚያከሽፉ ኢንዛይሞች እንዲያበዛ ትእዛዝ ይደርሰዋል። ባጭሩ፣ ረሃቡን አያስቀረውም፤ ሕዋሱ በረሃቡ ምክንያት ራሱን እንዳያጠፋ ይገታዋል።

የእንስሳት ሙከራዎቹ ውጤት የሚያስደስት ነበር። በ1991 ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የነርቭ ዕድገት አነቃቂን በጀርቢል አንጎል ጓዳ ውስጥ ሲያስገቡ፣ ከአምስት ደቂቃው የደም መቋረጥ በኋላ ቢሰጥም እንኳ የዘገየው የሕዋስ ሞት ቀነሰ። በ1992 የኦክላንድ ሊቃውንት ኢንሱሊን መሰሉን የዕድገት አነቃቂ ከጉዳቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ለአይጦች ሰጥተው ሕዋሳትን አተረፉ። በ1994 ቢ ዲ ኤን ኤፍም የአይጥን ሂፖካምፐስ እንደሚጠብቅ ታወቀ። በስዊድን የሉንድ ተመራማሪዎች ደግሞ በ1992 አንድ አስገራሚ ነገር ጨመሩ፤ አንጎል ደም ሲያጥረው ማንም ሳያዝዘው የራሱን የነርቭ መጋቢዎች ማምረት ያበዛል። ሐኪሙ ሊያደርገው ያሰበውን ተፈጥሮ ጀምራው ነበር።

ወደ ሰው ለመሻገር ግን አንድ አጥር ነበረ። የአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ እርስ በርሱ የተሰፋ ስለሆነ፣ እነዚህን የመሰሉ ትላልቅ ፕሮቲኖች በደም ሥር ቢሰጡ እጅግ ጥቂቱ ብቻ ነው የሚያልፈው። አይጥን ራስ ቅሉን በስተው በቀጥታ ይወጉታል፤ ስትሮክ ይዞት በድንገተኛ ክፍል የተኛን አረጋዊ እንዲህ ማድረግ አይታሰብም። ስለዚህ የተመረጠው መሠረታዊው የፋይብሮብላስት ዕድገት አነቃቂ ሆነ፤ በ1995 በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ በደም ሥር ተሰጥቶ የሞተውን የአንጎል ክፍል ስፋት ቀንሶ ነበርና።

በአውሮፓና በአውስትራሊያ የተካሄደው ሙከራ ውጤት በ2002 ታተመ። ስትሮኩ ከጀመረ በስድስት ሰዓት ውስጥ የደረሱ ሕሙማን መድኃኒቱን ወይም ባዶውን ፈሳሽ ለ24 ሰዓት በደም ሥር ተቀበሉ። ከታሰቡት 900 ሕሙማን 286ቱ እንደ ገቡ በመካከል በተደረገው ምርመራ መድኃኒቱ ይጠቅማል የሚል ተስፋ ስላልታየ ሙከራው ተቋረጠ። የሰሜን አሜሪካው ሙከራም ከዚያ በፊት ቆሞ ነበር። አንዱ ችግር ግልጽ ነው፤ ንጥረ ነገሩ የደም ሥሮችን ስለሚያላላ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። በከፊል ጥላ ውስጥ ያለው አንጎል የሚኖረው በግፊቱ ነው። አንዱ እጅ የሰጠውን ሌላው እጅ ነሣው።

ከዚህ የባሰው የኤሪትሮፖይቲን ታሪክ ነው። ኤሪትሮፖይቲን ከኩላሊት እየወጣ ቀይ የደም ሕዋሳትን የሚያበዛ ሆርሞን መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ አንጎልም እንደሚያመነጨውና ነርቭን ከሞት እንደሚከላከል በ1990ዎቹ ታወቀ። የጎቲንገን ሐኪሞች በ2002 በ40 ሕሙማን ላይ ያደረጉት ትንሽ ሙከራ እጅግ የሚያበረታታ ውጤት አሳየ። በሙያው መጽሔቶች የነበረው ደስታ ቀላል አልነበረም። ከዚያም በ522 ሕሙማን ላይ የተደረገው ትልቁ ሙከራ በ2009 ሲታተም፣ መድኃኒቱን ከተቀበሉት ከመቶ 16.4፣ ባዶውን ፈሳሽ ከተቀበሉት ደግሞ ከመቶ 9 ሞተው ተገኙ። ከሕሙማኑ አብዛኞቹ የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት አብረው ወስደው ስለ ነበር፣ የሁለቱ መገናኘት ለጉዳቱ ምክንያት ሊሆን ይችላል ተብሏል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ እነዚያ ሰዎች ልንረዳቸው የፈለግናቸው ነበሩ። ሌላው ዕድገት አነቃቂ፣ ነጭ የደም ሕዋሳትን የሚያበዛው፣ በ328 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ በ2013 ከባዶው ያልተሻለ መሆኑ ታወቀ። በምጥ ጊዜ ታፍነው ለሚወለዱ ሕፃናትም ኤሪትሮፖይቲን ከማቀዝቀዝ ሕክምና ጋር ሲሰጥ ጥቅም እንደሌለው በ500 ሕፃናት የተደረገው ጥናት በ2022 አረጋገጠ።

ይህ ሁሉ ለምን ሆነ? ይህ ዕጣ በዕድገት አነቃቂዎች ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስለን። በ2006 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እስከዚያ ድረስ በቤተ ሙከራ ለስትሮክ የተሞከሩ ሕክምናዎችን ቢቈጥሩ 1,026 ሆነው ተገኙ። የሙከራ አይጥ ወጣትና ጤናማ ነው፤ ስኳር የለበትም፣ ግፊት የለበትም፣ መድኃኒቱም በታወቀ ደቂቃ ይሰጠዋል። የኛ ሕመምተኛ የሰባ ዓመት ሰው ነው፤ ሕመሙ የጀመረው ሌሊት ተኝቶ ሳለ ይሁን ጎሕ ሲቀድ ቤተሰቡም አያውቅ።

ከንጥረ ነገሮቹ ጠባይ የሚመጣም ምክንያት አለ። የነርቭ ዕድገት አነቃቂ ሕመምን ያነሣሣል፤ በስዊድን በአልዛይመር በሽታ ለታመሙ ሦስት ሰዎች በአንጎል ጓዳ ሲሰጥ የጀርባ ሕመምና የክብደት መቀነስ አስከትሎ ነበር። የነርቭ መጋቢዎቹ ገና ሳይገረዙ በጥሬ መልካቸው ሲለቀቁ በሌላ ተቀባይ በኩል ሕዋስን ከማኖር ይልቅ እንደሚገድሉ በ2001 ታውቋል። የደም ሥር ዕድገት አነቃቂውን በተመለከተ በ2000 የታተመ የአይጥ ጥናት ደግሞ ትልቅ ትምህርት ይዟል፤ ስትሮኩ ከደረሰ በአንድ ሰዓት ሲሰጥ የደም ሥሮች እንዲያፈሱ አድርጎ ጉዳቱን አባባሰ፤ ያው መድኃኒት በሁለተኛው ቀን ሲሰጥ ግን አዲስ የደም ሥር አብቅሎ እንስሳው እንዲያገግም ረዳ።

በኛ አስተያየት ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች በፅንስ ውስጥ የሚሠሩት በቀናትና በሳምንታት ነው፤ እኛ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እሳት እንዲያጠፉ ላክናቸው። እሳቱን በማጥፋት የተሳካላቸው ሌሎች ናቸው፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በ1995፣ የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ ጎትቶ የሚያወጣው ዘዴ በ2015 ተረጋገጡ። ይህ ዘዴ በ2018 ለተመረጡ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ሲዘረጋ፣ የመረጣቸው ያው በዝንጀሮ ላይ የተገኘው የከፊል ጥላ ዕውቀት ነበር። የተሰበረው የ2002 ሙከራም አንድ ፍንጭ ጥሎ አልፏል፤ ቁጥሩ ኋላ ሲበረበር፣ አነስተኛውን መጠን ከአምስት ሰዓት በኋላ የተቀበሉት የተሻሉ ይመስሉ ነበር። ከሙከራ በኋላ ተበርብሮ የተገኘ ፍንጭ ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም ከአይጡ ጥናት ጋር አንድ አቅጣጫ ያመለክታል።

አጥሩን የሚያልፍበት መንገድም እየተገኘ ነው። መድኃኒቱን ብረት ተሸካሚውን ፕሮቲን ከሚቀበለው በር ጋር በሚጣበቅ ፀረ አካል ላይ አሳፍሮ ወደ አንጎል የማስገባት ዘዴ በ1990ዎቹ በቢ ዲ ኤን ኤፍ ተሞክሮ ነበር፤ ለሌላ የውርስ በሽታ በዚህ መንገድ የተሠራ ኢንዛይም በ2021 በጃፓን ተፈቅዷል። የሌቪ ሞንታልቺኒ ፕሮቲን ደግሞ ባልተጠበቀ ቦታ መድኃኒት ሆኗል፤ ከ2017 ጀምሮ በአውሮፓ፣ ከ2018 ጀምሮ በአሜሪካ ነርቩ ለሞተበት የዓይን ብሌን ቁስል በጠብታ መልክ ይሰጣል።

ከአሳማ አንጎል ተፈጭቶ የሚዘጋጀውንና በብዙ አገሮች እንደ ነርቭ መጋቢ የሚሸጠውን ሴሬብሮላይሲን ሳንጠቅስ ማለፍ ተገቢ አይሆንም፤ ዋጋው በቤተሰብ ጫንቃ ላይ የሚወድቅ ነውና። በእስያ በ1,070 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራ በ2012 ሲታተም በጠቅላላው ከባዶው ፈሳሽ የተለየ ውጤት አላሳየም። ሐኪም ለዚህ መድኃኒት ሲያዝዝ ይህን ለቤተሰቡ የመንገር ግዴታ አለበት ብለን እናምናለን።

የረጋን ደም በቱቦ የሚያወጣ ባለሙያና መሣሪያ በየክፍለ ሀገሩ በማይገኝበት፣ ብዙ ሕሙማንም ሰዓታት ካለፉ በኋላ በሚደርሱበት እንደ አገራችን ባለ ስፍራ፣ ይህ የዘገየ ጥበቃና ጥገና ጥያቄ ከሌሎች አገሮች ይልቅ ይመዝናል። የዕድገት አነቃቂዎች ትላልቅ ሙከራዎች ከሞላ ጎደል በሙሉ ሕመምተኛን የተቀበሉት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በቃሬዛ ለሚደርሰው ግን እስከ ዛሬ በበቂ ሙከራ የተረጋገጠ አንድም የዕድገት አነቃቂ መድኃኒት የለም።